ባል ዋስ ጠርቶ ወጣ፤ የሚስቲቱስ ዋስ ማነው?

(መርሳ ላይ በአንድ የዕድር ስብሰባ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



«ስለ ሴቶች ጥቃት አንድ ነገር በለን» ተብዬ ነው የመጣሁት። ዱላ መጥፎ ነው ብዬ፣ ጭብጨባ ተቀብዬ መውረድ እችል ነበር። ዱላ መጥፎ መሆኑን ግን መቺውም ያውቀዋል። እኔ የማወራችሁ ከዱላው በኋላ ስላለው 48 ሰዓት ነው።

እንበል አንድ ባል እዚሁ ሐብሩ ውስጥ ሚስቱን ደበደበ። ፊቷ አብጦ አንድ ዓይኗ ተከደነ። ጎረቤት ጮኸ፣ ፖሊስ መጣ፣ ሰውየው ጣቢያ ገባ። ሚስቲቱም እፎይ አለች። በማግስቱ ማታ እሳት ስታነድ በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው! ዋስ ጠርቶ ወጥቷል። ለመሆኑ መውጣቱን ማን ነገራት? ማንም!

ሰዉ ይህን ሲሰማ አንዱ «ጉቦ በልተው ለቀቁት» ይላል፤ ሌላው «ነጻ ወጣ» ይላል። መቼም ጉቦ የለም ብዬ አልምልም፤ አገራችንን እናውቃታለንና። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈታው ሕጉ ራሱ ነው። በዋስ መውጣትና ነጻ መውጣትም ለየቅል ናቸው። በዋስ የወጣ ሰው ተከሳሽ ወይም ተጠርጣሪ ነው፤ ቀጠሮው ይጠብቀዋል።

ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። በዋስ የመፈታት መብትም ሰጥቶታል። ፖሊስና ዳኞች ለአሥርት ዓመታት ሲሠሩበት የኖሩት የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ደግሞ ጽኑ እስራት በማያስቀጣ ወንጀል መርማሪ ፖሊሱ ራሱ በዋስ እንዲለቅ ይፈቅዳል።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ሚስትን መደብደብ ወንጀል መሆኑን በአንቀጽ 564 ለይቶ ጽፏል። ቅጣቱን ግን ወደ ሌሎቹ የአካል ጉዳት አንቀጾች ይመራዋል። ጉዳቱ «ቀላል» ከተባለ ክሱ የሚነሣው በተበዳይዋ አቤቱታ ነው፤ ቅጣቱም ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ያች ያበጠች ዓይን በሕጉ ፊት «ቀላል» ናት ማለት ነው! እንግዲህ ባልየው በማግስቱ ቢወጣ ምን ይገርማል?

ታዲያ ዋስትና ይከልከል? የለም! እኔ የጋዜጣ ሰው ነኝ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ስንቱ ጋዜጠኛ በጻፈው ጽሑፍ ታስሮ ዋስትና ሲለምን እንደከረመ አውቃለሁ። ዛሬ ለመጥፎ ባል ብለን የዘጋነው በር ነገ በልጃችን ላይ ይዘጋል።

1993 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይውጡ ያሏቸው አቶ ስዬ አብርሃ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ተይዘው ተመለሱ። ወዲያውም በሙስና የተጠረጠረ ሁሉ ዋስትና የሚከለከልበት አዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጣ። መንግሥት ሲፈልግ ሕግ እንዲህ ይፈጥናል! በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በተደጋጋሚ ጥቃት የደረሰባት አንዲት ሴት ፍትሕ አላገኘችም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ምን ተደረገ መሰላችሁ? ፍትሕ ሚኒስቴር ማኅበሩን አገደው! እገዳው የተነሣው በ1994 መጀመሪያ ላይ ነው። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሰዎቹ ተቀያየሩ፤ ያች በሯ የተንኳኳባት ሴት ግን ዛሬም እዚያው ናት።

እንግዲህ ምን ይሻላል? መድኃኒቱ ግማሹ እዚያው አሮጌ ሕግ ውስጥ ተቀምጧል። አንቀጽ 63 ተበዳይዋ ትሞታለች ተብሎ የሚያሰጋ ከሆነ ሰውየው በዋስ አይለቀቅም ይላል። አንቀጽ 67 ደግሞ ሰውየው ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል ሊሠራ ይችላል፣ ወይም ምስክር ያባብላል ተብሎ ከታመነ ፍርድ ቤቱ ዋስትናውን እንዳይቀበል ያዛል። «ብትከሺኝ እገልሻለሁ» ያለ ባል እዚህ ውስጥ ካልገባ ማን ይግባ? ሕገ መንግሥቱም ቢሆን ፍርድ ቤቱ በገደብ እንዲፈታ ያስችለዋል።

ችግሩ ዛቻውን ለዳኛው የሚነግረው ሰው አለመኖሩ ነው። ዳኛው የሚያየው የፖሊስ መዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ «ደበደባት» ተብሎ ተጽፎ «እገላታለሁ ብሏል» ካልተባለ ዳኛው ከየት ያምጣው? ስለዚህ እኅቶቼ፣ ቃላችሁን ስትሰጡ ዱላውን ብቻ አትናገሩ። ዛቻውን፣ የቀደመውን ዱላ፣ የሰማውን ጎረቤት አስጽፉ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የሐኪም ማስረጃ ያዙ። መቼ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ጠይቃችሁ ቅረቡ። ከወጣ በኋላ ቢዝት ዝም አትበሉ፤ ፍርድ ቤት የማያውቀው አዲስ ነገር ሲገኝ ዋስትናውን እንደገና መመርመር እንደሚችል አንቀጽ 74 ይናገራል። አቤቱታም ቢሆን 3 ወር ካለፈው ይዘጋል።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ወደ አባቶች ልምጣ። አትቆጡኝ። ከዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ለዘመድ ዋስ ያልሆነ አለ? ዋስ ስትሆኑ የምትፈርሙት በቀጠሮው ቀን ይቀርባል ብላችሁ ነው። አይመታትም ብላችሁ አልፈረማችሁም! ከዚያ በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ሆናችሁ ትመጡና «የባልና የሚስት ነገር ነው፤ አቤቱታሽን አንሺ» ትሏታላችሁ። ዋሱም ሽማግሌውም የባል ወገን ሆነ ማለት ነው። ታዲያ እሷ ወደ ማን ትጩህ?

የወሎ ሰው ሽምግልና ያውቃል። ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁ አበጋሮች ያሉበት አገር ነው። ደም ሲታረቅ ግን ገዳይና የሟች ወገን በዚያው ሌሊት አንድ ቤት እደሩ አይባልም። ለሚስት ሲሆን ለምን ተባለ?

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ይህ ዕድር ሬሳ ሲወጣ ድንኳን ይተክላል፤ ሳይወጣም አንድ ሥራ ይሥራ። ከእንግዲህ ሚስቱን መትቶ ለታሰረ ሰው ዋስ የሚሆን አባል ሁለት ነገር ይጨምር። አንደኛ፣ ሰውየው ጉዳዩ እስኪቆረጥ ወንድሙ ወይም እናቱ ቤት ይደር። ሁለተኛ፣ ዋሱ ከጣቢያው በር ሳይርቅ ለሚስቲቱ «ዛሬ ወጥቷል» ብሎ ይላክባት። ለዚህ አዋጅ አያስፈልግም፤ ሚኒስትርም መጠበቅ የለብንም። መንግሥት ሕጉን እስኪያስተካክል ግን ዝም እንበል ማለቴ አይደለም፤ እንጮሃለን።

ባልየው ዋስ አለው። መብቱ ነው፤ ይኑረው። ሚስቲቱ ግን ዋስ የላትም። እናንተ ሁኗት!