ከዝዋይ እስከ ሙነሳ በጠጠር መንገድ

እሷ፦ አስፋልት የሰለቸው ብስክሌተኛ ከአዳማ ወደ ደቡብ ቢያቀና ምን ያገኛል?

እሱ፦ ሐይቅ በሐይቅ ላይ! ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ። የሻላ ጥልቀት ብቻ 266 ሜትር ይደርሳል።

እሷ፦ ደኑስ?

እሱ፦ ከላንጋኖ በስተምሥራቅ ሙነሳ አለ። ከግራሩ ሜዳ ተነስቶ ወደ ዝግባው ሽቅብ ነው፤ ጉልበት የሚፈተነው እዚያ ነው። በክረምት ጭቃው በጎማና በፍሬን መካከል ይጠቀጠቅና ብስክሌቱን ቀጥ ያደርገዋል።

እሷ፦ ያ የአብያታ ነጭ ዳርቻስ ለመንዳት አይመችም?

እሱ፦ ያታልላል! ውሃው የሸሸበት ነው። ከዝዋይ የሚመጣው የቡልቡላ ወንዝ በመስኖ ቀንሷል፤ የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከሐይቁ ውሃ ሲቀዳ ኖሯል። ላዩ ደረቅ ቢመስልም ከሥሩ ረግረግ ነው፤ ጎማ ይውጣል። እረኞቹን መጠየቅ ይሻላል።

እሷ፦ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ ሆኗል። የእሱን ፈለግ መከተል ለሚሹ ጀማሪዎችስ የት ይሻላል?

እሱ፦ በዝዋይ ዳርቻ ይጀምሩ፤ ሜዳ ነው። አብያታና ሻላ ግን ብሔራዊ ፓርክ ስለሆኑ በሩ ላይ ይከፈላል።