የስንብት ሰዋስው
ስለ ኢሎካኖ ቋንቋ የተደረገ ንግግር



የባዕድ ቋንቋ ማስተማሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ «ደህና ሁን» ለሚለው አነጋገር አንድ አቻ ቃል ሰጥተው ያልፋሉ። እኔ ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው ስንብት ከቃል ይልቅ የሰዋስው ጉዳይ መሆኑን ነው። ለምሳሌነት የመረጥሁት በፊሊፒንስ፣ በሉዞን ደሴት ሰሜናዊ ክፍል የሚነገረውን ኢሎካኖን ነው። ቋንቋው ከአውስትሮኔዥያ ቋንቋዎች የሚመደብ ሲሆን፣ አፋቸውን በፈቱበት ሰዎች ብዛት በአገሩ ሦስተኛውን ደረጃ ይይዛል። በጽሑፍም እንግዳ አይደለም፤ ፍራንሲስኮ ሎፔዝ የተባሉት መነኩሴ ወደ ኢሎካኖ የመለሱት የክርስትና ትምህርት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1621 ታትሟል።

ተሰናባቹ «አግፓካዳአኮን» ይላል። ቃሉ ሲፈታ አራት ክፍሎች ይገኙበታል፦ «አግ» ግሥ የሚመሠርት ባዕድ መነሻ ነው፤ «ፓካዳ» ስንብት፣ የመሄድ ፈቃድም ማለት ነው፤ «አክ» እኔ ማለት ነው፤ በመጨረሻ ያለው «ኦን» ነገሩ አሁን መድረሱን የሚያመለክት ባዕድ መድረሻ ነው። ሲጠቃለል «እንግዲህ ልሰናበት» እንደ ማለት ይሆናል። እኛ «ደህና ሁን፣ ደህና ሁኚ፣ ደህና ይሁኑ» ስንል የምንለየው የቀሪውን ጾታና ክብር ነው፤ ስለ ሂያጁ የምንናገረው የለም። በዚህ የኢሎካኖ ቃል ግን ሂያጁ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው።

ዋናው ቁም ነገር «እኛ» በሚለው ተውላጠ ስም ላይ ይገኛል። ኢሎካኖ ሦስት ዓይነት «እኛ» አለው፦ «ካሚ» ሰሚውን ያስቀራል፤ «ታዮ» ሰሚዎቹን ይጨምራል፤ «ታ» እኔና አንተ ብቻ ማለት ነው። ስለዚህ እንግዶች ሊሄዱ ሲነሡ ለባለቤቱ «ኢንካሚን» ይሉታል፤ ይኸውም እኛ መሄዳችን ነው፣ አንተ ቀሪ ነህ ማለት ነው። አባት ልጆቹን ይዞ ሲወጣ ግን «ኢንታዮን» ይላል፤ አንድ ልጅ ብቻ ቢሆን «ኢንታን» ይለዋል። እንግዳው ተሳስቶ ለባለቤቱ «ኢንታዮን» ቢለው፣ ባለቤቱ ጫማውን አጥልቆ ሊከተለው ይችላል።

ሸኚው በበኩሉ «ዲዮስ ቲ ኩሙዮግ ካዳካዮ» ብሎ ይመርቃል። «ዲዮስ» ከስጳንኛ የመጣ የአምላክ ስም ነው። «ኩዮግ» አብሮ መሄድ ሲሆን፣ «ኡም» የምትባለው ቅጥያ በመካከሉ ገብታ «ኩሙዮግ» አሰኝታዋለች። «ካዳካዮ» የብዙ ቁጥር ቢሆንም ለአንድ ሽማግሌም በአክብሮት ይነገራል። ከእኛ «እግዜር ይከተልዎ» ጋር የሚቀራረብ ምርቃት ነው።

ይህ አነጋገር በታሪክ የተፈተነ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1906 ዓ.ም. 15 ፊሊፒናውያን ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ሥራ ሐዋይ ደረሱ። እስከ 1946 ዓ.ም. ድረስ ከ100,000 በላይ ሰዎች ተከተሏቸው፤ ብዙዎቹ ኢሎካኖዎች፣ አብዛኞቹም ቤተሰባቸውን ትተው የሄዱ ወንዶች ነበሩ። የእነርሱ ስንብት የ«ካሚ» እንጂ የ«ታዮ» አልነበረም። በዚያ የተወለዱት ልጆች የሚናገሩት እንግሊዝኛ ያለው ግን አንድ «እኛ» ብቻ ነው፤ ማን እንደ ሄደና ማን እንደ ቀረ አይለይም።

በትውልድ አገሩም ቢሆን የቋንቋው ዕድል አንድ ወጥ አይደለም። የላ ኡኒዮን ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2012 ኢሎካኖን ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎ ደነገገ፤ በዚያው ዓመት በዝቅተኛ ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር በመላ አገሪቱ ተጀመረ። በ2024 የወጣው ሕግ ቁጥር 12027 ግን ይህን ግዴታ አነሣው።

እንግዲህ መጻሕፍት የምናዘጋጅና የምንተረጉም ሰዎች ለስንብት አንድ ቃል ፈልገን ባንረካ መልካም ነው። አስቀድመን የሚሄደው ማን ነው፣ የሚቀረውስ ማን ነው ብለን እንጠይቅ። መዝገበ ቃላት ቃሉን ሊያቆይልን ይችላል፤ «ካሚ»ን ከ«ታዮ» የመለየት ልማድ ግን የሚቆየው በቤትና በትምህርት ቤት ሲነገር ብቻ ነው።