ወሬውን ማን አመጣው?

(ስለ ሕገ ወጥ ስደት ዋጋና ስለ ወሬ ምንጭ በመስጊዳችን ግቢ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ይህ ጽሑፍ በደብረ ማርቆስ ለተሰበሰበው ጀማዓ በቃል የቀረበ ነው። በዕለቱ በቦታው ያልነበሩ ወንድሞችና እኅቶችም እንዲያገኙት ኮሚቴው በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ላይ እንዲወጣ ስለ ጠየቀ እንደ ነበረ ቀርቧል።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ከዓስር ሶላት በኋላ ሁለት አባቶች በመስጊዱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ። አንደኛው ልጃቸው «ወደ ዐረብ አገር ልሂድ፤ በሬውን ሽጡልኝ» እያለ ያስጨነቃቸው ናቸው። «የእገሌ ልጅ ሄዶ ለእናቱ ቤት ሠራላት። እኔ ልጄን የምከለክለው በምን አፌ ነው?» ይላሉ። ሁለተኛው ደግሞ «የወንድሜ ልጅ ከወጣ ሦስት ዓመት አለፈው። ሞተ እንዳንል መርዶ ነጋሪ የለም፤ አለ እንዳንል ድምፁ የለም» ይላሉ። ክርክሩ እስከ መግሪብ ቀጠለ። አንዱም ሌላውን ሳያሳምን ለሶላት ተነሡ።

ዳር ሆኜ ሳዳምጥ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ሁለቱም ስለ ስደት ዋጋ የሚከራከሩ ይመስሉ ነበር እንጂ፣ ክርክራቸው በእውነቱ «ማንን እንመን?» በሚለው ላይ ነበር። ሁለቱም ያዩትን ተናገሩ፤ ሁለቱም አልዋሹም። ታዲያ በመካከላቸው ሚዛኑ ምንድን ነው?

ከሐበሻ የተመለሱት ሙሃጂሮች

ብዙ ወጣቶች «ስደት የሶሓቦችም መንገድ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ለዚያውም የተሰደዱት ወደዚችው ወደ እኛ አገር ነው። በአምስተኛው የነቢይነት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615፣ የመካ ግፍ የበረታባቸው ሙስሊሞች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ በደላላ ወሬ አልመጡም። በዚህች ምድር ሰው የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለ የነገሯቸው ከቶ የማይዋሹት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። ሲደርሱም የተነገራቸውን አገኙ። የወሬው ምንጭ የታመነ ስለ ነበር መንገዱም የታመነ ሆነ።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ሙሃጂሮቹ ሐበሻ ውስጥ ጥቂት ጊዜ እንደ ቆዩ «የመካ ሰዎች ሰልመዋል» የሚል ወሬ ደረሳቸው። የምሥራች ነበርና ከመካከላቸው ብዙዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ተመለሱ። መካ አጠገብ ሲደርሱ ወሬው ሐሰት ሆኖ ተገኘ። አንዳንዶቹ በሰው ጥበቃ ሥር ሆነው፣ አንዳንዶቹም ተደብቀው ገቡ። እነዚያን የመሰሉ ደጋግ ሰዎች እንኳ መልካም ወሬን ሳያጣሩ በማመናቸው መንገድ ወጡ። እንግዲህ የሚያታልለን ክፉ ወሬ ብቻ አይደለም። ይበልጡን የሚያታልለን ልባችን የሚመኘውን የሚነግረን ወሬ ነው።

ዑለማዎቻችን ያስተማሩን ሚዛን

አላህ በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ፣ እምነት የማይጣልበት ሰው ወሬ ሲያመጣልን ሳናጣራ ሰው እንዳንጎዳና ኋላ እንዳንጸጸት ያዘናል። የሐዲስ ሊቃውንት ይህን ትእዛዝ ይዘው ትልቅ የዕውቀት ዘርፍ አቆሙ። በ256 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ቡኻሪ አንድ ሐዲስ ሲቀርብላቸው ቃሉን ብቻ አይመለከቱም ነበር። ማን ከማን ሰማ? ሰሚውና ነጋሪው በዕድሜያቸው ተገናኝተዋልን? ነጋሪው እውነተኛ፣ ትውስታውም ጽኑ ነውን? ብለው ሰንሰለቱን አንድ በአንድ ይመረምሩ ነበር። ከሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ከጠፋ ወሬው ይደክማል።

ይህ ሚዛን ለሐዲስ የቆመ ነው። ሆኖም ከልጅዎ ሕይወት ጋር የተያያዘን ወሬ በዚህ መንገድ መጠየቅ ምን ይከለክልዎታል?

ደላላው ሲመዘን

ደላላው «ያለ ችግር ትደርሳለህ» ይላል። እሱ ራሱ መንገዱን ሄዶበታልን? ብዙውን ጊዜ አልሄደበትም። ደብረ ማርቆስ ያለው ደላላ የሚያውቀው አዲስ አበባ ያለውን ነው፤ ያም ሎጊያ ያለውን፤ እሱም ኦቦክ ጅቡቲ ላይ በጀልባ የሚጭነውን። ከባሕሩ ማዶ የመን ላይ የሚቀበለውን ሰው እዚህ ያለው አይቶት አያውቅም። ሰንሰለቱ ገና ቀይ ባሕር ሳይደርስ ተበጥሷል። በመተማ በኩል ወደ ሱዳንና ወደ ሊቢያ የሚወስደውም መንገድ እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳን በጦርነት ውስጥ መሆኗን ያልሰማ የለም።

ሁለተኛ፣ ነጋሪው ከወሬው የሚጠቀም ነውን? ደላላው የሚበላው ልጅዎ ሲሄድ እንጂ ሲደርስ አይደለም። በሬ የሚሸጥልዎ ሰው ስለ በሬው የሚነግርዎትን ሁሉ ያምናሉን? ጥርሱን ከፍተው አይተው፣ አስነድተው፣ ጎረቤት ጠይቀው አይደለምን የሚገዙት? ለበሬ ያደረጉትን ለልጅ መንፈግ እንዴት ይሆናል?

ሦስተኛ፣ «ዛሬ ምንም አትክፈል፤ ደርሰህ ትከፍላለህ» የሚለውን ቃል ይጠንቀቁ። እንዲህ የተባሉ ብዙዎች የመን የባሕር ዳር ሲወርዱ በጋቾች እጅ ወድቀዋል። እየተደበደቡ ስልክ ተሰጥቷቸው ወላጅ ገንዘብ እንዲልክ ተደርጓል። ነጻ የተባለው ጉዞ ከሁሉ የተወደደው ሆነ ማለት ነው።

ስደተኛው ራሱ ሲመዘን

«እሺ፣ ደላላውን አላምንም፤ የሄደውን ልጅ ግን አምናለሁ» ይሉ ይሆናል። መልካም ነው። ነገር ግን የሄደው ልጅም ሁሉን አይናገርም። እናቱ እንዳትጨነቅ «ደኅና ነኝ» ይላል። በሬ አሽጦ ስለ ሄደ «ከሰርሁ» ማለት ያሳፍረዋል። በሰው መኪና አጠገብ ቆሞ ፎቶ ይልካል። ይህ ውሸት ከክፋት የመጣ ሳይሆን ከይሉኝታ የመጣ ነው፤ ሆኖም የጎረቤትን ልጅ ለመንገድ ያነሣሣል።

ከዚህም የሚከፋው ሌላ ነው። ቤት የሠራው ይታያል፤ ባሕር የበላው አይታይም። የደረሰው ይደውላል፤ የሞተው አይደውልም። ስለዚህ ከሚደርሰን ወሬ የሚበዛው የደረሱት ሰዎች ወሬ ነው። ሐሰት ስለ ሆነ አይደለም፤ ግማሽ ስለ ሆነ ነው።

ቁጥሮችም ይመዘኑ

ሚዛኑ ለአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ሚዛን አይባልም። ስደትን ለማስፈራት የሚነገሩ ቁጥሮችም ይጠየቁ።

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ይህ በመጀመሪያ ከተገመተው በብዙ እጥፍ የበለጠ ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ በሕገ ወጥ መንገድ የሄደን ሰው መንግሥትም ቢሆን አስቀድሞ በትክክል ሊቆጥረው እንደማይችል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን የገቡ 138 ሺህ ያህል ሰዎችን መዝግቧል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያው ዓመት ሜዲትራኒያንን ተሻግረው አውሮፓ ከገቡት ይበልጣሉ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ግን የደረሱትን የሚቆጥር ነው። በመንገድ የቀረው በዚህ ውስጥ የለም።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት አንድ ዘገባ አወጣ። የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል በሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን ላይ በጥይትና በከባድ መሣሪያ እንደ ተኮሱ፣ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ ቢያንስ 655 ሰዎች እንደ ተገደሉ ገለጸ። የሳዑዲ መንግሥት ወገን ክሱ መሠረተ ቢስ ነው፣ በታመነ ምንጭም አልተደገፈም ሲል አስተባበለ። እንግዲህ ማንን እንመን?

በሚዛናችን እንየው። ድርጅቱ 42 ሰዎችን አነጋግሯል። ከእነርሱ 38ቱ ድንበሩን ለመሻገር የሞከሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ያዩትን እንጂ የሰሙትን አልተናገሩም። ከ350 በላይ ቪዲዮና ፎቶግራፍ፣ ከሳተላይት የተነሡ የመቃብር ቦታዎችም ተመርምረዋል። በሌላ በኩል ድርጅቱ በድንበሩ ላይ ቆሞ ሬሳ አልቆጠረም፤ 655 የሚለውም ከምስክሮች ቃል የተደመረ ነው። አንድ ሰው በቁጥሩ ላይ ቢከራከር መብቱ ነው።

ዑለማዎቻችን ግን በዚህም ረድተውናል። ተስማምተው ሊዋሹ የማይችሉ ብዙ ሰዎች ከየአቅጣጫው የተናገሩትን ወሬ «ሙተዋቲር» ይሉታል። ቁጥሩ ስድስት መቶ ይሁን ሺህ አከራካሪ ነው፤ በዚያ መንገድ ሰው እንደሚሞት ግን ለእኛ እንደ ሙተዋቲር ነው። የተመላሾቹ ቃል፣ የሐኪሞች ቃል፣ የባሕሩ ዳርቻ ቃል አንድ ነው። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ150 በላይ ሰዎች የጫነች ጀልባ በየመን አብያን ዳርቻ ስትሰጥም በመጀመሪያ የተነገረው የሟቾች ቁጥርና ኋላ የተነገረው አንድ አልነበረም። ቁጥሩ ስለ ተለዋወጠ የሰጠሙት ልጆች አልሰጠሙም ሊባል ነውን? በቁጥር ላይ ያለ ክርክር እውነቱን አይሽረውም።

ዋጋው ሲቆጠር

ዋጋ ሲባል ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በእኛ በጎጃም ደጋ አንድ በሬ ሲሸጥ ጥማዱ ይፈርሳል። በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ከገዛ መሬቱ የሚያስገባው ግማሹን ጤፍ ነው። መሬት በሕግ ባይሸጥም ለዓመታት ይከራያል። ልጁ ባይደርስ ዕዳው ለታናናሾቹ ይተርፋል።

ከዚህ የከበደ ሌላ ዋጋ አለ፤ በሸሪዓችን «መፍቁድ» የሚባለው፣ ማለትም ይኑር ይሙት የማይታወቅ ሰው ጉዳይ። የታመነ ምስክር እስካልመጣ ድረስ ሚስቱ ባሏ እንደ ሞተባት ሴት ዒዳ አትቆጥርም፣ ውርሱም አይከፈልም። ምን ያህል ይጠበቅ በሚለው መዝሃቦች ይለያያሉ፤ የሚፈርደውም ቃዲው ነው። እስከዚያው ድረስ ያች ሴት ባለ ባልም፣ ባል የሞተባትም አይደለችም። እናትየውም ለቅሶ አትቀመጥ፣ አትጽናና። የወሬ ምንጭ ታማኝነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል? አንድ የታመነ ሰው «አይቻለሁ» ቢል ይህ ቤት ያርፍ ነበር።

የሚከራከሩን ወጣቶች እውነት አላቸው

አሁን ወጣቱ «ታዲያ ቁጭ ብዬ ምን ልብላ?» ቢል መልሱ ቁጣ አይደለም። መሬት ጠብቧል፤ ሥራ የለም፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን የተነሣው ግጭት መንገድ ዘግቷል፣ ትምህርት አቋርጧል። ወደ ውጭ ሄደው ቤተሰብ የደገፉም አሉ፤ ይህን የሚክድ ሰው ደላላው የሠራውን ስሕተት በተቃራኒው ይሠራል። ወጣቱም ግማሹን ውሸት ስለሚያውቅ ሙሉውን ምክር ይጥለዋል።

መሄድ ግድ ከሆነ የታወቀ በር ይንኳኳ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923፣ የቪዛንና የደርሶ መልስ ትኬትን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ደንግጓል፤ አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። ስለዚህ «ለቪዛ አምጣ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ገንዘብ ሳይሰጡ በፊት የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቁ። ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የሚያሻግር ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ለመስጊዳችን ጀማዓ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የሄደ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ የወጣበትን ቀን፣ የሄደበትን አቅጣጫና የመጨረሻ ድምፁ የተሰማበትን ቀን ያስመዝግብ፤ ይህ መዝገብ አንድ ቀን ለቃዲው ማስረጃ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ለተያዘ ልጅ ማስለቀቂያ ሰደቃ ሲጠየቅ ጥያቄው እውነት መሆኑን ልጁን በሚያውቁት ሰዎች ድምፅ እናጣራ፤ ያላጣራነው ገንዘብ ሌላ ልጅ የሚያሳግት ይሆናል። ሦስተኛ፣ ተመላሾችን አናሳፍራቸው። «ባዶ እጁን መጣ» የሚል ምላስ ካለ ተመላሹ አፉን ይዘጋል፤ እሱ ዝም ሲል የሚሰማው ደላላው ብቻ ይሆናል። ከሁሉ የታመነውን ምስክር በፌዛችን ዝም ያሰኘነው እኛው ነን።

እነዚያ ሁለት አባቶች ከመግሪብ በኋላም አልተስማሙም። ነገር ግን ልጃቸው ሊሄድ የነበረው አባት ሲወጡ ሌላኛውን «የወንድምህን ልጅ የላከው ሰው ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ። ስሙ ሲነገራቸው ዝም አሉ። ለካ ለእሳቸውም ቃል የገባው ያው ሰው ኖሯል። በሬው እስካሁን ከቤት አልወጣም።

አላህ የጠፉትን ያግኝልን፤ በባሕርና በበረሃ የሞቱትን ይማርልን፤ ለቀሩት ወላጆች ሶብር ይስጥልን፤ ለአገራችንም ሰላም ያውርድልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።