አለቃ ሲናገር ሠራተኛው ምን ይሰማል?

(በወላይታ ሶዶ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ የቴክኖሎጂ ኩባንያ መሪዎች ለሠራተኞቻቸው አቅጣጫ የሚያስታውቁበትን መንገድ የሚመለከት ነው። ጉዳዩ የአዲስ አበባ ሰዎች እንጂ የእኛ አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎቹ ከሁለት ዓመት በኋላ የእንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ ጥቂቶቹም አለቆች ይሆናሉና ከወዲሁ ብናስብበት ጊዜ ማባከን አይመስለኝም።

ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ በአንድ መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ነበርሁ። ስሙን አልጠራም። አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት የአዲሱ ዕቅድ ማብራሪያ መጣና ሁላችንም በአንድ ክፍል ተሰብስበን በግድግዳ ላይ ሲታይ ተመለከትን። «ትራንስፎርሜሽን» አለ፤ «ኢኮሲስተም» አለ፤ ወደ ላይ የሚወጣ ቀስትም ነበረበት። ሲያበቃ አጨበጨብን። ስንወጣ ሃያ ዓመት ያህል ያገለገሉ አንድ ሠራተኛ ክንዴን ያዙና፣ «ልጄ፤ አንተ ተማሪ ነህና ንገረኝ፤ ታዲያ እኔ ሰኞ ጠዋት የምሠራው ምንድን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እንደምረዳው ማብራሪያውን የጻፈውም ሰው መልሱን አላሰበበትም ነበር።

የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ከእኒህ ሰው ጥያቄ የተነሣ ነው።

በአገራችን ትልቁን የቴክኖሎጂ መሥሪያ ቤት እንመልከት። ቴሌ የልደቱን ዘመን ከ1887 ዓ.ም. ይቈጥራል። ምኒልክ ወላይታን ወግተው ካዎ ጦናን የማረኩትም በዚያው ዓመት ስለ ሆነ፣ ስልኩና ዘመቻው ለእኛ የአንድ ዓመት ታሪክ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ ሲደራጅ አመራሩ በውል ለፍራንስ ቴሌኮም ተሰጠ። ወይዘሮ ፍሬሕይወት ታምሩ በ2010 ዓ.ም. ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከሆኑ በኋላ ደግሞ የሦስት የሦስት ዓመት ዕቅዶች ወጡ። የመጀመሪያው «ብሪጅ» ተባለ፤ ከ2015 በጀት ዓመት የጀመረው ሁለተኛው «ሊድ» ተባለ። ለዕቅድ አጭር ስም መስጠት መልካም ነው፤ ረጅም ሰነድ የማያነብ ሠራተኛ ቢያንስ ስሙን ይይዛልና። ሆኖም ስሙ የእንግሊዝኛ ሲሆን ሠራተኛው ትርጉሙን በሌላ ሰው አፍ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

አሁን ከዚህ ጋር ቴሌብርን አስተያዩ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ስሙ ራሱ መመሪያ ነበረ። «ቴሌ» ምን እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃል፤ «ብር» ምን እንደ ሆነ ደግሞ ማን ያጣዋል? ሠራተኛውም፣ ወኪሉም፣ በሶዶ ገበያ ቅቤ የምትሸጠው እናትም ከስሙ ብቻ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገመቱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ተመዘገቡ። ሁሉን ለስሙ መስጠት ሞኝነት ነው፤ ከጀርባው ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም አለ። ግን በተጀመረ ጊዜ አገልግሎቱ ከቀረበባቸው ቋንቋዎች መካከል ወላይትኛ አልነበረም። ክፍተቱን የሞላው በጥላ ሥር ተቀምጦ በወላይትኛ ሲያስረዳ የሚውለው ወኪል ነው። በየትኛውም ዕቅድ ላይ የማይጻፈው የመጨረሻው ተርጓሚ እርሱ ነው።

ከባሕር ማዶም አንድ ምሳሌ ላምጣ። ባለ ባትሪዋን የኖክያ ስልክ የማያውቅ እዚህ የለም። የኩባንያው መሪ ስቲቨን ኢሎፕ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ለሠራተኞቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ በባሕር ላይ በሚነድ የነዳጅ ማውጫ መድረክ ላይ እንደ ቆመ ሰው ነን አለ። ደብዳቤው ወዲያው ሾልኮ በዓለም ተነበበ። ኩባንያው መጎዳቱ እውነት ነበር። ነገር ግን የአሮጌው ስልክ ነገር አበቃለት ሲል አዲሱ ስልክ ገና በገበያ አልነበረም። ቤቱ እየተቃጠለ ነው ብሎ በሩን አለማሳየት አቅጣጫ መስጠት ነውን? እ.ኤ.አ. በ2014 የስልኩ ክፍል ለማይክሮሶፍት ተላለፈ።

ወደ ቤታችን ልመለስ፤ የሚከብደኝም ይህኛው ነው። ኩባንያ ባይሆንም፣ ከላይ የወረደ አቅጣጫ ምን እንደሚያመጣ ከወላይታ ይልቅ የሚያውቅ የለም። የቀድሞው የሰሜን ኦሞ ዞን አስተዳደር የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የተባለ ቋንቋ አዘጋጀና በመማሪያ መጻሕፍት አሳተመ። መምህራኑ ይህን አስተምሩ ተባሉ። ተናጋሪውን ሕዝብ ማንም በቅጡ አልጠየቀም፤ የተቃወሙ መምህራንም ከቦታቸው ተነሡ። በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚህች በሶዶ ከተማ ተማሪውና ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ሰው ታሰረ፤ ሰውም ሞተ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተነሡ፤ ወላይታም የራሱን ዞን አገኘ። የዚያን ጊዜ ተማሪዎች የነበሩ ዛሬ የእኛ ወላጆች ናቸው፤ ጠይቋቸው። የቋንቋዎቹን መቀራረብ ከእኛ ይበልጥ እነርሱ ያውቁታል። የተቈጡት በአፋቸው ላለው ነገር አፋቸው ሳይጠየቅ በመወሰኑ ነው።

አንድ መምህሬ ይህን ጽሑፍ አይተው፣ «መሪ ሁሉን ሰው ከጠየቀ መቼ ይሠራል? ተወዳዳሪስ ቢሰማ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መግቢያ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ቴሌ ምሥጢሩን በገበያ ይዘርጋ አልልም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ዋጋና ቀን ምሥጢር ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኛው የነገ ሥራው ምን እንደ ሆነ ግን ከእርሱ ከራሱ ምሥጢር ሊሆን አይገባም። ከተናገሩም በኋላ ቆሞ ጥያቄ መስማት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። አባቶቻችን በዱቡሻ ተቀምጠው ሲመክሩ የተናገረው ሰው መልስ ሳይሰማ ተነሥቶ አይሄድም ነበር።

እኛስ? ባለፈው ወር የማኅበራችን ኮሚቴ ስለ መዋጮ ማስታወቂያ ለጠፈ። አራት መሥመር ነበር፤ ምክንያቱ አልተጻፈበትም፤ ከጻፉት አንዱ እኔ ነኝ። ግማሹ ተማሪ አልከፈለም፤ እኛም በግማሹ ተቈጣን። ስለዚህ ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከእንግዲህ የምንለጥፈው ማስታወቂያ ሁሉ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይኑረው፤ ያልገባው ሰው በወላይትኛም በአማርኛም ጥያቄውን ይጻፍበት፤ ኮሚቴውም በሦስት ቀን ውስጥ እዚያው ላይ ይመልስ። ሰሌዳው ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ነው። ብዕሩን እኔ አመጣለሁ።