አጥር ዘሎ ሲኒማ ቤት
(የፊልም ማሽን ድምፅ)

ከሰበታ ታክሲ ይዛችሁ ፒያሳ የምትወጡ ወጣቶች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። በቴዎድሮስ አደባባይ አቅራቢያ የነበረውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር፤ ግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድ ታይቷላ! እንዲህ ያለውን የሰማ ሰው የተዘጋ ሲኒማ ቤት ሲያይ አጥር መዝለል ቢያምረው አይገርምም። ዘበኛ ከያዛችሁ ግን «ፎቶ ላነሳ ነው» አያድንም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያለባለይዞታው ፈቃድ መግባትን ይቀጣል።

እኔን ከዘበኛው ይልቅ የሚያስፈራኝ የማሽን ክፍሉ ነው። የድሮው ናይትሬት ፊልም አንዴ ከተቀጣጠለ የራሱን ኦክሲጅን ስለሚያመነጭ ውሃ ውስጥ እንኳ ይነዳል። ዝገት የበላው የፊልም ቆርቆሮ ካገኛችሁ አትክፈቱት፤ ክብሪትማ በፍጹም! ማየት የፈለገ በቀን ባለቤቱን ያስፈቅድ።