የአገልግሎቱ ዓመት ስንቅ ከየት ይምጣ?

በምረቃ ቀን «አገራችሁን አገልግሉ» ማለት የተለመደ ነው። እኔ ግን ከምክሩ በፊት ለመካሪዎቹ የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። ከምረቃ በኋላ አንድ ዓመት ገጠር ወርዶ ለሚያስተምር ወይም ጤና ጣቢያ ለሚያግዝ ወጣት ቀለቡን፣ የቤት ኪራዩንና መሳፈሪያውን ማን ይከፍላል? መልሱ «ቤተሰቡ» ከሆነ፣ አገልግሎቱ ላለው ሰው ልጅ ብቻ የተተወ ነው ማለት ነው። እዚህ ከተቀመጡት ወላጆች ብዙዎቹ ልጃቸው ሥራ ይዞ ታናናሾቹን እንዲያስተምር ሲጠብቁ ኖረዋል። ይህን ተስፋ የሚነቅፍ ሰው የአገራችንን ቤት አያውቀውም። ስለዚህ የአገልግሎቱን ዓመት የሚፈልገው ሕዝብ ወጪውንም በበጀት ሊይዝለት ይገባል እላለሁ።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች መላክ ጀመረ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር፤ አብዛኞቹ የተመደቡት መምህር በጠፋባቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ዓመቱ ዲግሪ ለማግኘት ከሚሟሉት ነገሮች አንዱ ስለነበር የአንድ ሰሞን ዘመቻ ሆኖ አልቀረም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ግን ሌላ መልክ ነበረው። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በመንግሥት ትእዛዝ ወጡ፤ አልዘምትም ያለ ትምህርቱን መቀጠልም ሥራ መያዝም አይችልም ነበር። ዘማቾቹ ፊደል አስቆጥረዋል፣ የመሬት አዋጁ ሲታወጅም ገበሬውን በማኅበር አደራጅተዋል፤ ይህ ሊካድባቸው አይገባም። ሆኖም ብዙዎቹ ጊዜው ሳያልቅ ጣቢያቸውን ጥለው ሄዱ። የዚያን ዘመን ቁስል የሚያስታውሱ ወላጆች «አገልግሎት» ሲባሉ ቢደነግጡ እውነት አላቸው። እኔም የምሟገተው በፈቃድ ለሚሰጥ ዓመት ነው። ፈቃድ ደግሞ እውነተኛ የሚሆነው የድሃው ልጅም እሺ ለማለት ሲችል ነው።

ሁለተኛው ስጋት፣ የወጣቶቹ ደኅንነት፣ ከዚህ ይከብዳል። ናይጄሪያ ከእርስ በርስ ጦርነቷ ማግስት፣ በ1973 እ.ኤ.አ.፣ ተመራቂዎች ከትውልድ ግዛታቸው ውጭ አንድ ዓመት እንዲያገለግሉ አዘዘች፤ ወርሃዊ አበላቸውንም የፌዴራሉ መንግሥት ይከፍላል። ፕሮግራሙ እስከ ዛሬ አለ። ነገር ግን በ2011 እ.ኤ.አ. ምርጫ ማግስት በባውቺ ግዛት በአገልግሎት ላይ የነበሩ ወጣቶች በሁከት ተገድለዋል። በእኛም አገር ዛሬ መንገዱ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ለወላጅ የሚምል ሰው አይገኝም። ስለዚህ ሰላም በሌለበት ወረዳ ምደባ አይኑር። ወጣቱ ስጋት ባየ ጊዜ ያለ ቅጣት የመመለስ መብት ይኑረው፤ የመመለሻው ገንዘብም ከመጀመሪያው ይቀመጥለት። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ ያለ ወጪ የሚደረገው ምደባ ግን አደጋውን በልጁ ጫንቃ ላይ መጣል ነው።

«አገሪቱ ገንዘብ የላትም፤ የቋሚ መምህራን ደመወዝ እንኳ አልበቃ ብሏል» የሚለው ክርክር ከሁሉም ይበልጥ ክብደት አለው። አንዱ መንገድ በእጃችን ያለ ይመስለኛል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ይማራል፣ ሥራ ሲይዝም ከደመወዙ ይከፍላል። አሜሪካኖች በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ላገለገለ ወጣት ከመተዳደሪያ አበሉ ሌላ የትምህርት ብድሩን የሚከፍልበት ገንዘብ ይሰጡታል። እኛም አንድ ዓመት ያገለገለን ሰው ከወጪ መጋራት ዕዳው ብንቀንስለት ዛሬ ከግምጃ ቤት የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ የለም።

ዕዳ መሰረዝ ግን እራት አይሆንም። ወርሃዊ አበሉ በበጀት መያዝ አለበት፤ የተመዳቢው ቁጥርም በምኞት ሳይሆን በተያዘው በጀት ልክ ይወሰን። አበሉ ሳይቋረጥ የሚደርሳቸው 100 ወጣቶች፣ በሦስተኛው ወር ከሚረሱ 10 ሺህ ይልቅ ለገጠሩ ትምህርት ቤት ይጠቅማሉ። መኖሪያውን ወረዳው ቢችል ሸክሙ ይቃለላል። አንድ ጥብቅ ደንብም ያስፈልጋል፦ ተመዳቢው የቋሚ መምህር ወይም የነርስ ክፍት ቦታ መሸፈኛ አይሁን። እንዲያ ከሆነ ርካሽ ጉልበት ያገኘ መሥሪያ ቤት መቅጠር ያቆማል፣ የሚጎዱትም የሚቀጥለው ዓመት ተመራቂዎች ናቸው። የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የቤተ መጻሕፍት ማደራጀት፣ የጤና ጣቢያ መዝገብ ማስተካከል፤ ሥራው ሞልቷል።

ተመራቂዎች ሆይ፣ ይህ በጀት እስኪያዝ ድረስ ከዚህ ወጥታችሁ ሥራ ብትፈልጉ አገራችሁን አልወደዳችሁም ሊላችሁ የሚችል የለም። ልመናዬ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ሴኔትና ለአካባቢው አስተዳደር ነው። የፌዴራሉን መንግሥት ሳትጠብቁ፣ ለሚቀጥለው ዓመት በዙሪያችሁ ካሉ ወረዳዎች አንዱን ምረጡ፤ የጥቂት ፈቃደኞችን የ12 ወር አበል አስቀድማችሁ አስቀምጡ፤ ጥሪውን ከዚያ በኋላ አውጡ።