ልጅ ያቦካው ለእራት ይበቃ ይሆን?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ቀላል ይመስላል። ከሱኮት ጀምሮ እስከ ሰግድ፣ ከዚያም አለፍ ብሎ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ በሀደራና በአካባቢዋ ምን ዝግጅት አለ፣ የት እንሂድ፣ እንዴት እንሂድ የሚል ነው። ዝርዝሩን አንብበን መቀመጥ እንችል ነበር። ግን ዝርዝሩን ስናዘጋጅ አንድ ነገር አስጨነቀን። የወጣቶች አለ፣ የሕፃናት አለ፣ የወላጆች አለ፤ እናትና ልጅ፣ አባትና ልጅ አብረው የሚሄዱበት ግን አጣን። እንግዲህ ስለዚያ ብንናገር ይሻላል አልን።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ባለፈው ዓመት ከሰግድ በፊት በነበረው ሐሙስ፣ በማትናሱ አዳራሽ የሙዚቃና የቴአትር ምሽት እንዳዘጋጀን ታስታውሳላችሁ። ማስታወቂያውን በሁለት ቋንቋ፣ በዕብራይስጥም በአማርኛም አሳተምን። ኮርተን ነበር። በሁለቱም ላይ ሰዓቱ 8:00 ይላል። ከቀትር በኋላ ወንበር እየደረደርን ሳለ በሩ ተከፈተና ነጭ በነጭ የለበሱ አምስት እናቶችና ሁለት አባቶች ገቡ። አንዷ ዳቦ ተሸክመዋል። ከቀኑ 8 ሰዓት ብለው፣ ደቂቃ ሳያዛንፉ ነው የመጡት። እኛ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለታችን ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ ልዩነት! አማርኛውን የጻፍነው እኛው ነን። ፊደሉ የአማርኛ ነበር፣ ሰዓቱ ግን የዕብራይስጥ።

አንዳቸውም አልተቆጡም። «አይዟችሁ ልጆች» ብለውን ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ማታም ተመልሰው መጡ። ማታ ግን ሌላ ጥፋት ጠበቃቸው። መድረክ የሚመራው በዕብራይስጥ፣ ቀልዱ በዕብራይስጥ፣ ራፑ በዕብራይስጥ። የድምፅ ማጉያው ደረት ይመታል። ክራር የሚጫወቱልንን አባት ደግሞ መጨረሻ ላይ አደረግናቸው፤ ትልቁን ነገር ለመዝጊያ እናስቀምጥ ብለን ነበር። ተራቸው ሲደርስ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኗል። የእኩዮቻቸው ወንበር ባዶ ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ ሥራ የሚገቡ አሉ፣ ዓርብን ለሰንበት ሲያበስሉ የሚውሉ አሉ። ወጣቶቹም አብዛኞቹ ደጅ ወጥተው ስልካቸውን ይነካካሉ። አዳራሹ ውስጥ የቀረነውን ቆጠርን፤ አሥራ አንድ ሰው ነበርን።

እሳቸው ግን ለሺህ ሰው እንደሚጫወቱ ሆነው ተጫወቱ። መሐል ላይ አንድ ስንኝ ጣል ሲያደርጉ ሦስቱ እናቶች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። እኛም እነሱን አይተን ሳቅን። ምን እንዳሳቃቸው ግን አልገባንም። ሰሙን ሰምተናል፣ ወርቁ አመለጠን። ሲጨርሱ ክራራቸውን ጠቀለሉና «እግዜር ይስጥልን» ብለው ወጡ።

በዚህ ዓመት ከሱኮት በኋላ ይቅርታ ልንጠይቅና እንደገና ልንጋብዛቸው ቤታቸው ሄድን። ቡና ተፈላልን። ያሰብነውን ሁሉ ነገርናቸው። ዝም ብለው አዳመጡንና በመጨረሻ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉን። እመጣለሁም አላሉ፣ አልመጣምም አላሉ። ይህን ተረት ይዘን ነው ዛሬ እፊታችሁ የቆምነው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንመለስ። በኢትዮጵያ መጸው ክረምቱ ያለፈበት፣ ሰማዩ የጠራበት፣ እህሉ የሚደርስበት ጊዜ ነው። እዚህ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰማዩ በጋውን ሙሉ ደርቆ ይከርምና የመጀመሪያው ዝናብ፣ ዮሬ የሚሉት፣ በመጸው ይመጣል። እናቶቻችን «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያሉ ስለ ብርዱ ይተርቱልናል፤ እኛ ግን በጥቅምት ጊቫት ኦልጋ ባሕር ውስጥ ሰው ሲዋኝ እናያለን።

በሱኮት ሳምንት ሰሜኑ ሁሉ መድረክ ይሆናል። የሃይፋ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል የሚካሄደው ያን ጊዜ ነው። በዓኮ አሮጌው ከተማ የአማራጭ ቴአትር ፌስቲቫል ከ1980 ጀምሮ በዚያው በዓል ሲካሄድ ኖሯል። ከሀደራ ሃይፋ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ከመካከላችን የሚሄዱ አሉ፤ ሲመለሱም ያዩትን እርስ በርሳቸው ያወራሉ። ቤት ገብተው «የት ነበርሽ?» ሲባሉ ግን መልሱ «ከጓደኞቼ ጋር» ብቻ ነው። በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

ሩቅ መሄድም ላያስፈልግ ይችላል። የናሓል ሀደራ መናፈሻ እዚሁ ነው፤ መግቢያው የሚጠይቀው ጫማ ብቻ ነው። ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ጠዋት ከአንዳንድ እናቶች ጋር እዚያ ሄድን። ዛፎቹን ሲያዩ «ይሄ ባሕር ዛፍ አይደል እንዴ?» አሉ። አንዷ ቅጠሉን በእጃቸው አሽተው አሸተቱና፣ ጉንፋን ሲይዝ ቅጠሉን አፍልተው እንዴት እንደሚታጠኑት ነገሩን። እኛ ደግሞ በትምህርት ቤት የተማርነውን ነገርናቸው። ሀደራ የተመሠረተችው በ1891 ነው። ቦታው ረግረግ ስለነበር ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹን ወባ ፈጅቷቸዋል፤ ባሕር ዛፉ የተተከለውም ረግረጉን ያደርቃል ተብሎ ነው። በኢትዮጵያም ባሕር ዛፍ የገባው በዚያው ዘመን ገደማ፣ በምኒልክ ጊዜ ነው። ወባ የሚለውን ቃል ሲሰሙ እናቶች ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ በቆላው ወባ ስለወሰደው ወንድማቸው ጀመሩ። ልጃቸው አብራን ነበረች። አጎት እንደነበራት ያን ዕለት ነው የሰማችው።

ቲኬት አልቆረጥን፣ ድምፅ ማጉያ አልነበረን። አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው መተርጎሙ ብቻ በቃ። በከተማችን የኻን ሙዚየም የዚያን የወባ ዘመን ታሪክ ያሳያል፤ ጊቫት ኦልጋ ያለው ቴክኖዳ ሰማይ የሚታይበት ትልቅ መነጽር አለው። በእነዚህ ቦታዎች የሚሰጠው ማብራሪያ በዕብራይስጥ ነው። እኛ አጠገባቸው ከተቀመጥን ግን ለወላጆቻችን በአማርኛ ይሆናል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሰግድን አስቡ። ከኪፑር 50 ቀን ተቆጥሮ፣ በሄሽዋን 29 ቀን፣ በጎንደር አምቦበር ሕዝቡ ጾሞ ተራራ ይወጣ ነበር። ቄሶቹ ኦሪትን በግእዝ ያነባሉ። ሕዝቡ ግእዝ አይሰማም። ታዲያ ቄሶቹ አንብበው ዝም አላሉም፤ በአማርኛ ይተረጉሙለት ነበር። ከተራራው ሲወርዱ ጾሙ ይፈታል፣ ይበላል፣ ይዘፈናል፣ እስክስታ ይመታል። ሽማግሌ ለብቻ፣ ወጣት ለብቻ አልነበረም። በ2008 ክኔሴት በሕግ ብሔራዊ በዓል ያደረገው ይህንኑ ሰግድ ነው፤ ዛሬ በኢየሩሳሌም በአርሞን ሀነጺቭ ሺዎች ይሰበሰቡበታል። አባቶቻችን ቋንቋው ያልገባውን ሰው ከበዓሉ አላስወጡትም። እኛ ባለፈው ዓመት ያደረግነው ግን ያንን ነው።

ፊልምም ይህን ያሳየናል። «ቀይ ቅጠሎች» የሚባለውን የባዚ ጌቴን ፊልም ያያችሁ ትኖራላችሁ፤ በ2014 የወጣ ነው። ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ አዛውንት ቤታቸውን ሸጠው በየልጆቻቸው ቤት እየተዘዋወሩ ለመኖር ይነሣሉ። አዛውንቱን ሆኖ የሚጫወተው አንጋፋው ደበበ እሸቱ ነው። የአላሞርክ ዴቪድያን «የበለስ ዛፍ» ደግሞ በ2018 የወጣ ሲሆን፣ በጦርነቱ ማብቂያ አዲስ አበባ ውስጥ ስለምትኖር ወጣት ይተርካል። በእነዚህ ፊልሞች ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ወላጆቻችን በጆሯቸው ይሰማሉ፣ እኛ ከሥር የሚያልፈውን የዕብራይስጥ ጽሑፍ ስናሳድድ እንቀራለን። ያን ጊዜ አስተርጓሚ የምንፈልገው እኛ ነን። ለአንድ ምሽት እንኳ እንዲህ ቢገለበጥ ለሁላችንም ጥሩ ነው።

ስለዚህ ለዘንድሮው ያሰብነው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ሰዓት። ከእንግዲህ በአማርኛ የምንጽፈው ሁሉ «ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በዕብራይስጡ 19:00» ይላል። ሁለቱም ይጻፋል።

ሁለተኛ፣ ቀን። ሐሙስ ማታን ትተን ዝግጅቱን ሰንበት ወጥቶ፣ ሞጻኤ ሻባት እናደርገዋለን። በበጋ ሰንበት የሚወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ለሽማግሌ ይመሻል። በኦክቶበር መጨረሻ እሑድ ሰዓቱ ወደኋላ ከተመለሰ በኋላ ግን፣ በኖቬምበር፣ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ሰንበት ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ ረጅም ምሽት አለ። የበሰለው ምግብ አለ፣ ሁሉም አርፏል። አውቶቡስ ቶሎ ስለማይጀምር መኪና ያላቸው አሥራ ሁለት ወጣቶች ወላጆችን ለማመላለስ ስማቸውን ሰጥተዋል።

ሦስተኛ፣ ቅደም ተከተል። ክራር መጀመሪያ፣ ራፕ በኋላ። ሽማግሌዎች ደክሟቸው ቢሄዱ እንኳ የመጡበትን ሰምተው ይሂዱ። ደግሞም ወጣቱ ለራፑ ሲል ቀድሞ ይመጣል፤ ክራሩንም ይሰማል።

አራተኛ፣ አስተርጓሚ። ለየሦስት ወላጅ አንድ ወጣት አጠገባቸው ይቀመጣል። ሁሉን ቃል በቃል ለመተርጎም አይደለም፤ ሰው ሲስቅ ለምን እንደሳቀ ለመንገር ነው። እኛም በበኩላችን ክራሩ ሲያበቃ አጠገባችን ያሉትን እናት እንጠይቃለን፤ ወርቁ የቱ ነበር? ብለን።

አምስተኛ፣ ከሰግድ በኋላ ባለው ሞጻኤ ሻባት አንድ ፊልም አብረን እናያለን። ከፊልሙ በኋላ ቡና ይፈላል፣ እንነጋገራለን። በዲሴምበር ገደማ ደግሞ በኢየሩሳሌም ቤት ሃኮንፌዴራሲያ በሚያዘጋጀው የሁሉ ገብ ፌስቲቫል ላይ ለመገኘት አንድ ሚኒባስ እናስባለን። የኢትዮጵያ ተወላጆች ኪነ ጥበብ የሚቀርብበት ነው፤ ስሙም እንደምትሰሙት የእኛው ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ቴል አቪቭ አትሂዱ አንልም። እኛም እንሄዳለን። በወር ካሉት አራት ሞጻኤ ሻባቶች አንዱን ስጡን ነው የምንለው። በማኅበራችን ውስጥ ራፕ የሚጽፍ ሞልቷል፤ ክራር መቃኘት የሚችል ግን አንድ ወጣት እንኳ የለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የሚባሉትን አራቱን ቅኝቶች ስማቸውን እናውቃለን፤ ተራ በተራ ቢሰሙን ግን የቱ የቱ እንደሆነ አንለይም። የሚለዩልን ሰዎች ዛሬ በመካከላችን አሉ። ለዘላለም አይኖሩም። ይህን ማለት ይከብዳል፣ ግን እውነት ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ከእናንተም የምንለምነው አለ። ሴቶች ልጆቻችሁ ለዝግጅት ሲያመሹ አትቆጡ፤ አብራችሁ ኑ። ዕብራይስጡ ሲያልፋችሁ ጠይቁን፣ አትፈሩን። አማርኛችን ሲሰበርም አትሳቁብን፤ ወይም ሳቁና አርሙን። ብዙዎቻችን ከእናንተ ፊት ዝም የምንለው ስለናቅናችሁ ሳይሆን ቃል ስላጠረን ነው።

አሁን የክራሩ አባት ወደ ተናገሩት ተረት እንመለስ። ከሳቸው ቤት ስንወጣ አንዳንዶቻችን ከፍቶን ነበር። በኋላ ግን ተረቱን ደጋግመን አሰብነው። እውነታቸውን ነው። እኛ ብቻችንን ያቦካነው ባለፈው ዓመት ለእራት አልበቃም፤ አሥራ አንድ ሰው እንኳ አላጠገበም። ተረቱ ግን ልጅ አያቡካ አይልም። አይበቃም ነው የሚለው። እንዲበቃ ዱቄት የምትጨምሩት፣ ምጣዱን የምታሰሙት እናንተ ናችሁ።

የመጀመሪያው ምሽት ከሰግድ በፊት ባለው ሞጻኤ ሻባት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በዕብራይስጡ 19:00 ነው። የፊት ወንበሮቹን ለእናንተ እንይዛለን። ከመካከላቸው አንዱ፣ መድረኩ ላይ ያለው፣ የሳቸው ነው። ቢመጡም ባይመጡም እስከ 2 ሰዓት ማንም አይቀመጥበትም። እናንተ የምታውቋቸው ደግሞ እባካችሁ ንገሩልን።

 እግዚአብሔር ለሰግድ በሰላም ያድርሰን።